ላብ የማይዘው፣ በፀሐይ የሚጠቁር የሄልሜት መስታወት

ድስት ጥደን ውሃው ሲፈላ ክዳኑን ብናነሣ ምን እናያለን? የክዳኑ ሆድ በውሃ ጠብታ ተሞልቶ እናገኘዋለን። ውሃውን ማንም አላፈሰሰበትም። ከታች የተነሣው እንፋሎት ቀዝቀዝ ያለውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ሆነ። ይህን ነገር እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል። ዛሬ የምናነበውም ስለዚሁ ስለ ድስት ክዳን ላብ ነው። ነገር ግን ይህኛው ላብ የሚያርፈው በድስት ክዳን ላይ ሳይሆን ሞተር ሳይክል በሚነዳ ሰው ዓይን ፊት ነው።

ሞተር ሳይክል ዛሬ ለገጠር ሰው እንግዳ አይደለም። የከብት ሐኪሙ በሞተር ይመጣል። የግብርና ባለሙያውም በሞተር ይመጣል። መኪና በማይገባበት መንገድ በሽተኛ በሞተር ይወሰዳል። ገበያ ስንሄድም ከኋላ ተፈናጠን የምንሄድ ብዙዎች ነን። ሞተሩ የኛ ባይሆንም ከኋላ የተቀመጠችው ነፍስ የኛ ናት። ስለዚህ ነገሩ ነጂውን ብቻ ሳይሆን ሁላችንንም ይመለከታል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ወሩ ነሐሴ ነበር። በጣርማ በር አካባቢ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ላማቸው ከምሽት ጀምሮ አምጣ መውለድ አቃታት። ሽማግሌው በሌሊት ተነሥተው፣ በእግራቸው ከተማ ገብተው የከብት ሐኪሙን ቀሰቀሱት። ሐኪሙ ሄልሜቱን አደረገ። ሽማግሌው ከኋላ ተፈናጠጡ። እሳቸው ራሳቸው ላይ ከጋቢ በቀር ምንም አልነበራቸውም።

ጉሙ ከአሥር እርምጃ በላይ አያሳይም። ብርዱም አጥንት ይሰብራል። ትንሽ እንደሄዱ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ መስታወቱ ላበብኝ። ምንም አላይም» አለ ሐኪሙ።

ወዲያው የሄልሜቱን የፊት መስታወት ወደ ላይ ገፋው። ካፊያው ከነብርዱ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ዓይኑን ጨፈነ። መንገዱ ግን በዚያ ቦታ ይታጠፋል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደና ቦይ ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ክፉኛ ተመታ። ሐኪሙ እሳቸውን ደግፎ፣ መድኃኒቱን ተሸክሞ በእግሩ ተጓዘ። ሲደርሱ ረፍዷል። ላሚቱ ተረፈች። ጥጃዋ ግን ሞታ ተወለደች።

ሽማግሌው አዝነው፣ «ጥጃዋን የገደላት ምጥ አይደለም። ያ የላበ መስታወት ነው። ከእንግዲህ ሞተርህ ላይ አልወጣም» አሉት።

ሐኪሙም ነገሩ ከነከነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓረብ አገር ስትሠራ የቆየች እኅቱ ስትመለስ አዲስ ሄልሜት ይዛለት መጣች። «ይኸኛው መስታወት አያልብም። ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጥላ ሲያገኘው ይነጣል» አለችን። ዋጋውን ስትነግረን ከሁለት ሙክት ዋጋ ይበልጣል። እኛም፣ «እንዴ! ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ነገር እውነት ይሠራል ወይ?» አልን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ለመመርመር ተነሣን።

መስታወቱ ለምን ያልባል?

መስታወት እንለዋለን እንጂ መስታወት አይደለም። ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። እንደ ጠርሙስ ተሰብሮ ፊትን አይቆርጥም።

ከአፋችንና ከአፍንጫችን የሚወጣው ትንፋሽ ሞቃትና እርጥብ ነው። በብርድ ጧት ከአፋችን እንደ ጢስ የሚወጣው ይኸው እርጥበት ነው። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል። ቀዝቃዛ አየር ግን ብዙ መሸከም አይችልም። ሞተር ሲነዳ ነፋሱ መስታወቱን ከውጭ ያቀዘቅዘዋል። ከውስጥ ደግሞ ትንፋሹ ይመጣበታል። ትንፋሹ ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ሸክሙን ያራግፋል። የተራገፈው ሸክም እጅግ ጥቃቅን የሆነ የውሃ ጠብታ ነው። እነዚህ ጠብታዎች ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ይበትኑታል። ስለዚህ ከፊታችን ያለው ነገር ነጭ ጉም ብቻ ሆኖ ይታየናል።

አዲሱ መስታወት እንዴት ተሠራ?

አዲሱ ሄልሜት ያለው አንድ መስታወት ብቻ አይደለም። ከውስጥ በኩል ሌላ ስስ ገበር አለው። ገበሩ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ጉጦች ተይዟል። ዙሪያውን ጎማ በመሰለ ለስላሳ ጠርዝ ተከቧል። በሁለቱ መካከል ጥቂት አየር ታፍኖ ይቀራል።

ጋቢ ለምን ይሞቃል? ድርብ ስለሆነ ነው። በድርቦቹ መካከል ያለው አየር ብርዱን ያግዳል። የመስታወቱም ብልሃት ይኸው ነው። የውጭው መስታወት ቢቀዘቅዝም በመካከል ያለው አየር ብርዱን ስለሚያግደው ገበሩ ብዙ አይቀዘቅዝም። ገበሩ ካልቀዘቀዘ ትንፋሹ ጠብታ አይሆንም። ከዚህም በላይ ገበሩ የተሠራው እርጥበትን ከሚመጥ ፕላስቲክ ነው። ትንሽ እርጥበት ቢያርፍበት እንደ ደረቅ ጨርቅ ወደ ውስጡ ይመጠዋል።

የሚጠቁረውስ ለምንድን ነው? በገበሩ ውስጥ ልዩ ቀለም አለ። የፀሐይ ብርሃን ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አለው። ይህ ጨረር ቀለሙን ሲነካው የቀለሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ቅርጻቸውን ይለውጣሉ። ያን ጊዜ ብርሃን ይውጣሉ። መስታወቱም ይጠቁራል። ጨረሩ ሲቀር ቅንጣቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ቅርጻቸው ይመለሳሉ። የድመትን ዓይን እናስታውስ። በቀን ብሌኗ እንደ ክር ይጠባል፤ በሌሊት ይሰፋል። የመስታወቱም ሥራ ይህን ይመስላል። ልዩነቱን ግን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ይህ ጥበብ የጀመረው በመነጽር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኮርኒንግ በተባለው የአሜሪካ የመስታወት ፋብሪካ ዶናልድ ስቱኪና ዊልያም አርሚስቴድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ጥቃቅን የብር ውህድ ቅንጣቶችን መስታወት ውስጥ ጨምረው በፀሐይ የሚጠቁር መስታወት ሠሩ። ለፕላስቲክ የሚሆነው ቀለም ከዚያ በኋላ መጣ።

የመጀመሪያው ፈተና፤ ድስት

ድስት ጥደን ውሃ አፈላን። የድሮውን መስታወትና አዲሱን ጎን ለጎን ይዘን ከእንፋሎቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረግናቸው። ልጆቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥሩ ጀመር። ሦስት ሳይሉ የድሮው ነጭ ሆነ። በአዲሱ መስታወት ግን ሃያ እስኪሉ ድረስ በመካከሉ የማዶውን ግድግዳ እናይ ነበር። ገበሩ የማይደርስበት ጠርዝ ብቻ አልቧል።

ሃያ ብለን የቆጠርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስለ ሄልሜት ያወጣው 22ኛ ቁጥር ደንብ አለ። በዚያ ደንብ መሠረት «ላብ ይከላከላል» የሚባል መስታወት ሞቅ ባለ ውሃ ላይ ተይዞ 20 ሴኮንድ ሳይጋረድ መቆየት አለበት።

እኛ ግን ከሃያ በኋላም አላቆምንም። ስንቆይ ስንቆይ በአዲሱም ላይ ስስ የውሃ ሽፋን መታየት ጀመረ። ጨርቅ ውሃ ከጠገበ በኋላ እንደማይመጥ ሁሉ ገበሩም ሲጠግብ አቅም ያጣል። ከአንድ ድስት እንፋሎት ያነሰ ነው የሰው ትንፋሽ። ቢሆንም ይህን ማወቅ ይገባል። መስታወቱ «ፈጽሞ አያልብም» ማለት ሐሰት ነው። «ብዙ ይታገሣል» ማለት እውነት ነው።

ሁለተኛው ፈተና፤ ፀሐይ

በማግስቱ ፀሐይ ወጣ። መስታወቱን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥን። ግማሹን በካርቶን ሸፈንን። ግማሹን ለፀሐይ ተውነው። ጥቂት ቆይተን ካርቶኑን ስናነሣ ድንበሩ እንደ ማሳ ወሰን ለይቶ ይታይ ነበር። ፀሐይ ያገኘው ጠቁሯል። የተሸፈነው ነጭ ነው። «ማየት ማመን ነው» አልን።

ከዚያ ቤት አስገብተን ጠበቅን። ሲጠቁር ፈጣን የነበረው ሲነጣ ዘገምተኛ ሆነ። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ለመንጣት ግን ብዙ ደቂቃ ፈጀበት። ቡና ቀርቦ አቦሉ እስኪጠጣ ድረስ ጥቁረቱ ፈጽሞ አልለቀቀውም።

ሌላም ነገር አየን። ደመና በሸፈነው ቀንም ጥቂት ይጠቁራል። ጨረሩ በደመና ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። በብርድ ጧት ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል፤ ለመንጣትም ይበልጥ ይዘገያል። በሙቀት ጊዜ ግን ጥቁረቱ ይቀንሳል። በሌሊት ደግሞ የመኪና መብራት አያጠቁረውም፤ መብራቱ ያ ጨረር ብዙ የለውምና። ስለዚህ በሌሊት ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያጥበረብረን ይህ መስታወት አያድነንም። ፍጥነት መቀነስ ነው።

ሦስተኛው ፈተና፤ ጣርማ በር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ መንገዱ ጣርማ በር ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርሳል። በዚያ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣው ዋሻ አለ። ርዝመቱ ከ500 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ወዲያ መንገዱ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ወርዶ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይደርሳል። ጉም፣ ብርድ፣ ፀሐይ፣ ጨለማና ሙቀት በአንድ ቀን የሚገኙበት መንገድ ነው። ለፈተና ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ሐኪሙ ጧት ሞተሩን አስነሣ። እኛ በመኪና ተከተልነው። ሽማግሌውም፣ «በመኪናው ከሆነ እመጣለሁ» ብለው ከኛ ጋር ተሳፈሩ። ጣርማ በር አቅራቢያ ጉሙ ተቀበለን። ሐኪሙ ቆሞ ሲጠብቀን መስታወቱ ተዘግቶ ነበር። ከውጭ ካፊያ አርፎበታል። ከውስጥ ግን አላበም። «ዛሬ አንድ ጊዜም አላነሣሁትም» አለን ደስ ብሎት። የውጩን ካፊያ በጓንቱ ጠርጎ ቀጠለ።

ዋሻው አፍ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ቦግ ብሎ ነበር። መስታወቱም በብርዱና በፀሐዩ ጠቁሯል። ሐኪሙ ሊገባ ሲል ሽማግሌው አስቆሙት። «ቆይ ልጄ! አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። መጀመሪያ በእግራችን እንየው» አሉ።

ሞተሩ ዳር ቆመ። ሐኪሙ ሄልሜቱን እንዳደረገ፣ መስታወቱን እንደዘጋ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ በእግሩ ገባ። እኛም ከጎኑ ሄድን። ሃያ እርምጃ ያህል እንደገባ፣ «ምንም አይታየኝም» አለ። ወዲያው ከፊታችን የኮቴ ድምፅ ሰማን። እንጨት የተጫነች አህያና ባለቤትዋ ይመጡ ነበር። እኛ አየናቸው። ሐኪሙ ግን ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማው። መስታወቱን ሲያነሣ ጊዜ አህያይቱ አጠገቡ ደርሳለች!

ሁላችንም ዝም አልን። በሞተር ቢሆን ኖሮስ? እስቲ እናስላ። አንድ ሞተር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው ለሦስት ሴኮንድ ባያይ 33 ሜትር በጨፍን ሄደ ማለት ነው። በ33 ሜትር ውስጥ ስንት አህያ፣ ስንት ሰው ይኖራል?

ከፀሐይ ወደ ጎጆ ስንገባ መጀመሪያ ምንም እንደማይታየን ሁላችንም እናውቃለን። የሰው ዓይን ራሱ ጨለማ ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የጠቆረ መስታወት ሲጨመር ጨለማው ድርብ ይሆናል። ከድመት ዓይን የሚለየውም በዚህ ነው። የድመት ብሌን ወዲያው ይሰፋል። መስታወቱ ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

ስለዚህ ደንብ አወጣን። ዋሻ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ወይም ድልድይ ሥር ከመግባት በፊት ፍጥነት ይቀነሳል። መስታወቱ ይነሣል። ዓይን እስኪለምድ ቀስ ተብሎ ይነዳል። ሐኪሙ እንዲሁ አድርጎ በደኅና አለፈ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ከባድ ነበር። መስታወቱም በጣርማ በር ፀሐይ የጠቆረውን ያህል አልጠቆረም።

ሄልሜት ራሱስ ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ነጂ መስታወቱ ሲያልብበት ተናዶ ሄልሜቱን ከነጭራሹ ያወልቃል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቲ. ኢ. ሎውረንስ የተባለ ስመ ጥር የእንግሊዝ መኮንን በ1935 እ.ኤ.አ. ከሞተር ሳይክል ወድቆ ራሱን ተመታ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካዩት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂዩ ኬርንስ የሞተር ነጂዎችን የራስ ጉዳት ሲመረምር ቆይቶ የሄልሜትን ጥቅም በ1941 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስረዳ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር በሞተር የሚሄዱ ወታደሮቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አስገደደ።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረና በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ ሞትን በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ለነጂው ብቻ አይደለም። ከኋላ የሚቀመጠውም ራስ አለው። ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልታሰረ ግን ሄልሜቱ ሲወድቁ ቀድሞ ይወልቃል። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ሄልሜትም ከላይ ደኅና ቢመስል ከውስጥ ተጎድቷልና መለወጥ አለበት።

ገንዘብ የሌለው ምን ያድርግ?

ሁሉም ሰው ሁለት ሙክት ሸጦ መስታወት አይገዛም። በድሮው መስታወት የምንሄድ ሰዎች እንዲህ እናድርግ።

1. መስታወቱን አንድ ጣት ያህል ከፈት አድርገን እንንዳ። ነፋሱ ገብቶ እንፋሎቱን ያወጣዋል።

2. አፍና አፍንጫችንን በስስ ጨርቅ ሸፍነን ትንፋሻችን ወደ ታች እንዲወጣ እናድርግ።

3. ተራ የሆነውን፣ ገበር የሌለውን መስታወት ከውስጥ በጥቂት ሳሙና ቀብተን በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ እንወልውለው። ሳሙናው ውሃው ጠብታ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሲለቅ ደግመን እንቀባለን። ገበር ያለውን ግን ሳሙና አንቀባም። የመምጠጥ ኃይሉን ያጣልና በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጸዳል።

4. መስታወት በአመድ ወይም በአሸዋ አይታጠብም፤ ይጫራል። በቤንዚን ወይም በላምባም አይወለወልም፤ ፕላስቲኩን ይጎዳዋል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

5. በምንም ምክንያት ማየት ካልቻልን ዳር ይዘን እንቁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ቀለም የተቀባና ሁልጊዜ ጥቁር የሆነ መስታወትም በገበያ አለ። በ22ኛው ደንብ መሠረት ከ100 እጅ ብርሃን 80ውን እጅ የማያሳልፍ መስታወት ለቀን ብቻ ነው። መሸ ሲል መለወጥ አለበት።

መጨረሻው

ስንመለስ ሽማግሌውን፣ «አባባ፣ ምን ፈረዱ?» አልናቸው።

ጥቂት አሰቡና፣ «መስታወቱ ደግ ነው። ለላቡ ታማኝ ነው፤ ለዋሻው ግን ታማኝ አይደለም። ዋናው ግን ነጂው ይህን ማወቁ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞር ብለው፣ «ለኔም ለራሴ የሚሆን ቆብ ካመጣህልኝ እወጣለሁ» አሉት።

ሐኪሙ የድሮ ሄልሜቱ ከዚያ አደጋ ወዲህ እንደማያስተማምን ያውቃል። ስለዚህ ሌላ ገዝቶ ከሞተሩ ኋላ አሰረ። ላሚቱም ዘንድሮ እንደገና ከብዳለች። ቀኗ ሲደርስ የሚጠራው እሱ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የድስት ክዳንና የሄልሜት መስታወት በምን ይመሳሰላሉ?

2. ገበሩ ከጋቢ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?

3. መስታወቱ በዋሻው ውስጥ ለምን አደገኛ ሆነ? ሽማግሌው «በእግራችን እንየው» ባይሉ ምን ይደርስ ነበር?

4. በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሦስት ሴኮንድ ስንት ሜትር ይጓዛል? አስሉ።

5. በአካባቢያችሁ ሰዎች በሞተር ሲፈናጠጡ ሄልሜት ያደርጋሉ? የማያደርጉ ከሆነ ምክንያታቸውን ጠይቁ፤ ተወያዩበትም።